ቤት ውስጥ ስሜትን መናገር፦ ለምን ከበደ? ምንስ ያቀለዋል?

በየዓመቱ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ «ቤተሰብ ስለ ስሜቱ በግልጽ ይነጋገር» የሚል ምክር በሬዲዮም በማኅበራዊ መገናኛም ደጋግሞ ይሰማል። ምክሩን ፊት ለፊት የሚቃወም ብዙም የለም። ወደ ቤት ሲገባ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። ወጣቶች ከቲክቶክና ከዩቲዩብ የለመዷቸውን «ዲፕሬሽን»፣ «ትራውማ»፣ «ቶክሲክ» የሚሉ ቃላት ይዘው ይመጣሉ፤ ወላጆች ቃላቱን ሲሰሙ ወይ ልጃቸው በጽኑ የታመመ መስሏቸው ይደነግጣሉ፣ ወይ «ምን ጎደለብህ?» ብለው ቅብጠት ያደርጉታል። አንዱ ወገን የወላጆቹን ዝምታ እንደ ጭካኔ ያያል፤ ሌላው የልጆቹን ንግግር ከባሕር ማዶ የመጣ ድፍረት ይለዋል።

ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ስሜቱን የሚገልጥባቸው ስፍራዎችና ሥርዓቶች አጥቶ አያውቅም፤ አብዛኞቹ ግን የተሠሩት ከወላጅና ከልጅ ግንኙነት ውጭ ነው። እነዚያ ስፍራዎች እየጠበቡ በሄዱ ቁጥር ቤቱ ከዚህ በፊት ብቻውን ተሸክሞት የማያውቀውን ነገር እንዲሸከም ተጠየቀ። ነገሩ በዚህ መልክ ሲታይ መፍትሔው ልጁን «ተናገር» ብሎ መወትወት አይሆንም፤ ይልቁንም ልጁ በተናገረ ጊዜ አዋቂው የሚሰጠው ምላሽ ዋናው ጉዳይ ይሆናል።

ስሜት የሚወጣባቸው የቆዩ ስፍራዎች

ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ሐዘኑን እንዲደብቅ አይጠበቅበትም፤ እንዲያውም ዓይኑ ሳይረጥብ የተመለሰ ይታማል። አስለቃሿ የሟቹን ሥራና ጠባይ በሙሾ እያነሣች ታስለቅሳለች፣ ዘመድ ደረቱን ይመታል፣ እድሩ ድንኳን ተክሎ ጎረቤት ለቀናት ከሐዘንተኛው አይለይም። ብዙ ልጆች አባታቸው ሲያለቅስ የሚያዩት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። በሙስሊሙ ዘንድ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማልቀስ ባይበረታታም ተሰብስቦ የማጽናናቱ ሥርዓት ያው አለ፤ በወሎም ለዱዓ የተቀመጠ ሰው ጭንቁን በተሰበሰቡት ፊት አውጥቶ ምረቃ መቀበሉ የቆየ ልማድ ነው።

ከሐዘን ውጭ ላለው የዕለት ተዕለት ብሶት ደግሞ ቡናው ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የባል ጠባይ፣ የኑሮ ውድነትና የአማት ነገር በሴቶች መካከል ይነሣል፣ ይመከርበታል፣ ይሳቅበታል። የባልና ሚስት ጠብ በሽማግሌ ይታያል፤ የኅሊና ጭንቀት ለንስሐ አባት ይነገራል፤ ለማንም የማይነገረው ደግሞ ወፍጮ ላይ በእንጉርጉሮ ይወጣል።

በእነዚህ ሁሉ ስፍራዎች ልጅ ተሳታፊ አይደለም። ትልቅ ሰው ሲጫወት «ውጣና ተጫወት» ይባላል፤ ሐሳብ ቢሰነዝር «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባልበታል። ይህ ማለት ልጅ የሚናገርበት አጥቶ ያድጋል ማለት አልነበረም። አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት፣ የሠፈር እኩያ ነበሩት። ከአባቱ ጋር ያለው ነገር በእናቱ በኩል ያልፋል፤ «አባትህ እንዳይሰማ» የሚለው አነጋገር ያን መስመር ያሳያል። እናት የልጅን ጥያቄ ለስልሳ ለአባት፣ የአባትን ቁጣ ደግሞ አብርዳ ለልጅ ታደርሳለች። ሥርዓቱ የራሱ አሠራር ነበረው፤ ድክመቱ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ለዝምታው ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህ ከባህል ይልቅ ከፖለቲካ ታሪክ የመጣ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና 1970 ዓ.ም.፣ ቤት ውስጥ የተነገረ ቃል በልጅ አፍ ወጥቶ ሰው ሊያስገድል ይችል ነበር። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች ሐዘን እንዳይቀመጡ፣ በአደባባይ እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። ያን ዘመን በወጣትነት ያለፉት ሰዎች ዛሬ አያቶች ናቸው፤ ለእነርሱ አፍን መያዝ ቤተሰብን ማትረፊያ ዘዴ ነበርና ልጆቻቸው የስሜት ድርቀት አድርገው የሚያዩት ጠባይ ከዚያ የተረፈ ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል።

ሸክሙ ወደ ቤት ሲገባ

በከተማ የኑሮው አቀማመጥ ተለውጧል። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ ዳር ዳር የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ቤተሰብ የራሱ በር እንዲኖረው አድርገዋል፤ በዕጣ የተሰባሰበ ጎረቤት ግን ገበናን ለመካፈል ዓመታት ይፈጅበታል፣ ከመካከሉም ብዙው ተከራይ ስለሆነ ሳይተዋወቅ ይለቃል። እናትም አባትም ሥራ ውለው ሲመሽ ይገባሉ፤ አያት ክፍለ ሀገር ናት። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ እንዲሁም ከዚያ ወዲህ በቀጠሉት ግጭቶች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ደግሞ እድሩንም፣ ጎረቤቱንም፣ የንስሐ አባቱንም በአንድ ጊዜ አጥተዋል።

በውጭ አገር የሚኖሩት ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ቋንቋ። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በቴል አቪቭ ዳርቻ ወይም በስቶክሆልም የተወለደ ልጅ አማርኛ «ይሰማል» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው የትእዛዙን አማርኛ ነው፤ ብላ፣ ተነሥ፣ በሩን ዝጋ፣ አያትህን ሰላም በል። ቅሬታን፣ ቅናትን፣ ኀፍረትን የሚገልጽበት አማርኛ አልለመደም፤ እነዚህን የሚለይበት ቃል ያለው በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥ ወይም በስዊድንኛ ነው። ወላጁ ደግሞ በዚያ ቋንቋ የመሥሪያ ቤት ጉዳዩን ይጨርስበታል እንጂ ልቡን አይናገርበትም። ስለዚህ ሁለቱ ቢፈልጉም የሚገናኙበት ቋንቋ የጠበበ ነው። ከቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ፊደልና የእንስሳት ስም ያስተምራሉ፤ ልጁ «ከፋኝ»ን፣ «ተቀየምኩ»ን እና «አፈርኩ»ን ለይቶ ቢያውቅ ለቤቱ የበለጠ ይጠቅመው ነበር።

የታፈነ ስሜት ምን ያደርጋል?

በሥነ ልቦና «ስሜትን ማፈን» የሚባለው ስሜቱ ውስጥ እያለ ምልክቱ በፊትና በድምፅ እንዳይታይ መግታት ነው። አሜሪካውያኑ ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያጸይፍ ፊልም እያዩ ፊታቸውን እንዲቆጣጠሩ የተነገራቸው ሰዎች ምንም እንዳልተሰማቸው መስለው መታየት ችለዋል፤ የተሰማቸው ስሜት ግን አልቀነሰም፣ እንደ ላብ ያሉት የሰውነት ውጥረት ምልክቶችም ስሜታቸውን ካላፈኑት ሰዎች ይልቅ በእነርሱ ላይ በረቱ። ማለትም ማፈን ስሜቱን ሳይሆን ምልክቱን ብቻ ነው የሚያስቀረው።

ከቤተሰብ አንጻር ይበልጥ የሚያስገርመው ኤሚሊ በትለር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረበችው ነው። ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ የሚረብሽ ፊልም አይተው እንዲወያዩ ተደረገ፤ ከጥንዶቹ በአንዳንዶቹ አንዷ ስሜቷን እንድታፍን በምስጢር ተነገራት። የደም ግፊት የጨመረው በምታፍነው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ምንም በማታውቀው አነጋጋሪዋም ላይ ጨመረ። ብዙ ልጆች «እናቴ ምንም አትልም፣ ግን ቤቱ ይከብዳል» የሚሉት ነገር ይህን ይመስላል።

ይሁንና ይኸው የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ ነገር ጨምሯል። የእስያ ባህል እሴቶችን በያዙ ሴቶች ዘንድ ማፈን የሚያስከትለው ማኅበራዊ ጉዳት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም ራስን መግታት ሌላውን ማክበሪያ ተደርጎ በሚታይበት ቦታ የታፈነው ስሜት እንደ ጥላቻ ወይም እንደ ርቀት አይተረጎምም። ይህ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። በአባቱ ፊት ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ልጅ ሁሉ የታፈነ አይደለም፤ ጨዋነት ራሱን የቻለ የስሜት ቋንቋ ነው። ልዩነቱ ልጁ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰዓት የሚናገርበት ሰው አለው ወይስ የለውም የሚለው ላይ ነው።

በአንጻሩ ስሜትን በስሙ መጥራት ራሱን የቻለ ጥቅም እንዳለው የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት ምስል ያዩ ሰዎች ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ የሚባለው፣ ሥጋትን የሚያነፈንፈው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ይቀንሳል። ጁዲ ደንና ባልደረቦቿ ደግሞ ቤተሰቦችን በየቤታቸው ተከታትለው፣ በ3 ዓመታቸው ስለ ስሜት ብዙ የሚወራበት ቤት የነበሩ ልጆች 6 ዓመት ሲሞላቸው የሌላውን ሰው ስሜት በመለየት የተሻሉ ሆነው እንዳገኟቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ጽፈዋል። የመጀመሪያው ቤተ ሙከራ ውስጥ የተደረገ ነው፤ ሁለተኛው ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም። ሁለቱም ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ።

የማይሰየም ስሜት ብዙውን ጊዜ በሰውነት በኩል ይመጣል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ብቻ «ሆዴን ቆረጠኝ» የሚል ልጅ አይዋሽም፤ ሆዱን በእርግጥ ያመዋል። በየጤና ጣቢያው ለራስ ምታት፣ ለልብ ምትና ለማቃጠል መድኃኒት የሚጻፍላቸው አዋቂዎች መካከልም ሕመማቸው ከጭንቀት የተነሣ የሆነ ጥቂቶች አይደሉም።

«ደህና ነን»፦ ለመከላከል የሚደረግ ዝምታ

በቤተሰቦቻችን ያለው መደበቅ አብዛኛው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ከሁሉ ይበልጥ ማሰብ የሚገባው ስለዚህ ዓይነቱ ነው። የመርዶን ሥርዓት እንመልከት። በውጭ አገር የሚኖር ሰው አባቱ ቢሞት ወሬው በስልክ አይነገረውም። አገር ቤት ያሉት የሚደውሉት በዚያው ከተማ ላለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ነው፤ እርሱም ጥቂት ሰዎችን፣ ከተቻለም አንድ ካህን ወይም ሽማግሌ አስተባብሮ፣ ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ ማልዶ በሩን ያንኳኳል። በማለዳ በር ላይ የተሰበሰበ የሀበሻ ሰው ያየ ገና ሳይነገረው ያውቃል። ሥርዓቱ ጥበብ አለበት፤ ሰው ከባዱን ዜና ብቻውን፣ መኪና እየነዳ ወይም ሥራ ላይ ቆሞ እንዳይሰማ፣ ሲሰማም የሚይዘውና አብሮት የሚያለቅስ እንዲኖር ያደርጋል። ዛሬ ለሐኪሞች ስለ ከባድ ዜና አነጋገር የሚሰጠው ሥልጠናም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ችግሩ የሚጀምረው ማዘግየቱ ሞትን አልፎ ወደ ሌላው ሁሉ ሲዛመት ነው። እናት በካንሰር ስትታከም ውጭ ላለችው ልጇ «ትንሽ ብርድ መቷት ነው» ይባላል። ተማሪው ፈተናውን እስኪጨርስ የአያቱ ሞት ይደበቃል፤ ሰልስቱም አርባውም ካለፈ በኋላ ይሰማል። የወንድም መታሰር፣ የእኅት ፍቺ፣ የቤቱ ዕዳ ሁሉ «ሁሉም ሰላም ነው» በሚለው ሥር ይገባል። ከሌላው ጫፍም እንዲሁ ነው፤ በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ እናት በኢሞ ስትደውል ካሜራውን ከራስጌዋ ግድግዳ ላይ አነጣጥራ፣ ደመወዝ ከቀረባት ወራት ማለፋቸውን ሳትናገር፣ የልጆቿን የፈተና ውጤት ጠይቃ ትዘጋለች።

የዚህ ውጤት ከተደበቀው ዜና ይበልጣል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተደበቀበት ሰው ከዚያ በኋላ «ደህና ነን» የሚለውን ቃል እንደ መረጃ አይቀበለውም። ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ሲጮህ ልቡ ይሰነጠቃል፤ በሰላም ሲደውሉለትም ድምፃቸውን ይመረምራል። ለመከላከል የታሰበው ዝምታ የማያቋርጥ ሥጋት ይሆናል።

ትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ልጅ የእናቱን ቀይ ዓይን አይቶ ሲጠይቅ «ሽንኩርት ነው» ከተባለ፣ ሽንኩርት እንዳልተላጠ ያውቃል። ያልተነገረውን ክፍተት በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ ልጆች ዓለምን ከራሳቸው አንጻር ስለሚያዩ ብዙውን ጊዜ የሚሞሉት «እኔ ባጠፋሁት ነው» በሚል ነው። እናቲቱ ዝርዝሩን ልትነግረው አይገባም። «አክስትህ ታማ አዝኜ ነው፤ አንተ ያደረግከው ነገር የለም» ቢባል ግን ለ6 ዓመት ልጅ ይበቃዋል።

የእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ የዚህ ዝምታ ትልቁ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዙና በመጠለያዎቹ ውስጥ ሳሉ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ልጆቻቸውን በመንገድ የቀበሩ ወላጆች በእስራኤል ከተወለዱት ልጆቻቸው ይህን ለዓመታት ሸሽገው ኖረዋል። ዛሬ በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ለሞቱት መታሰቢያ አለ፤ በየዓመቱም የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይደረግበታል። አንዳንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ያልተጀመረ ወሬ መጀመሪያ በአደባባይ ስፍራ ማግኘት አለበት።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ዋነኛው ተቃውሞ ስለ ስሜት በግልጽ መናገር የወላጅን ክብር ያፈርሳል የሚል ነው። ክርክሩ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 7 ልጅ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 31 ደግሞ ልጁ ወላጆቹንና ታላላቆቹን የማክበር ግዴታ ያኖርበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እንዲህ ያለ የግዴታ አንቀጽ የለውም። የአፍሪካው ሰነድ ጸሐፊዎች ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ሲያኖሩ እንደሚቃረኑ አልቆጠሯቸውም፤ በእርግጥም «አባዬ፣ ትናንት በሰው ፊት ሲሰድቡኝ አፈርኩ» ያለ ልጅ አክብሮቱን አላጓደለም።

ሁለተኛው ክርክር የእምነት ነው፤ ጭንቅ የሚነገረው ለእግዚአብሔር ነው ይላል። ጸሎትና ንስሐ ሰውን ስሜቱን እንዲሰይምና ለሌላ እንዲያወጣ ያደርጋሉና ከነገሩ ጋር አይጣሉም። የሚጣላው «ጸልይ» የሚለው ቃል ወሬ መዝጊያ ሲሆን ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ሆዱ የሚርበው ሰው ስለ ስሜት አያወራም» የሚል ነው፤ ይህ በጣም የተለመደ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ደካማው ይመስለኛል፤ እድርን የፈጠረው ድሃው ሕዝብ ነው፣ የተፈጠረውም ሰው በሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ከአሜሪካ የሚመጣ ነው። በጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንደሚከራከሩት፣ ወላጅ ልጁ ቁጣውን እንዳያሳይ የሚገታው በዘረኝነት ምክንያት በፖሊስ ወይም በመምህር ፊት የተቆጣ ጥቁር ልጅ የሚደርስበትን ስለሚያውቅ ነው፤ ይህም ከፍቅርና ምክንያቱን ከማስረዳት ጋር ከሄደ የግድ አይጎዳም። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ያለ ኢትዮጵያዊ አባትም ወንድ ልጁን «እጅህ ከኪስህ ይውጣ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ሲለው ያው ሥጋት አለበት። ልዩነቱ ልጁ ቤት ሲገባ ያን ቁጣ የሚያራግፍበት ይኖረዋል ወይ የሚለው ነው።

የልጅን አፍ የሚዘጋውና የሚከፍተው

ጆን ጎትማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት «ሜታ ኢሞሽን» የሚል ቃል አስተዋውቀዋል፤ ሰው ስለ ስሜቶች ያለውን ስሜትና አመለካከት ማለት ነው። ለምሳሌ ልጁ ሲያለቅስ የሚያፍር አባት አለ፤ የሚያሳስበው የልጁ ሐዘን ሳይሆን ልቅሶው ነው። ቡድኑ 56 ቤተሰቦችን ልጆቹ 5 ዓመት ገደማ ሳሉ ጀምሮ እስከ 8 ዓመታቸው ተከታትሎ፣ የልጃቸውን አሉታዊ ስሜት ለመቅረብና ለማስተማር እንደ ዕድል የሚያዩ ወላጆች ልጆች በትምህርትም በጓደኝነትም የተሻለ ሁኔታ ላይ እንዳሉ አገኘ። ናሙናው ትንሽና አሜሪካዊ ነው፤ ከእኛ ቤት ጋር ሳያገናዝቡ መገልበጥ አይገባም። ሐሳቡ ግን በአንድ የተለመደ ምሽት ላይ ቢፈተሽ ጥቅሙ ይታያል።

የ11 ዓመት ልጅ ቦርሳውን ወርውሮ «ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄድም» ይላል። የተለመደው ምላሽ «እኛ ስንት ኪሎ ሜትር በእግራችን ሄደን ተምረን!» የሚለው ነው። ሌላው «አይዞህ፣ ምንም አይደለም፣ ና እራት ብላ» ይላል፤ ይህ ደግ ነው፣ ወሬውን ግን ይዘጋዋል። የሚከፍተው አጭር ነው፤ «ምን ገጠመህ? ዛሬ የከፋህ ትመስላለህ»። ቀጥሎ ዝም ማለት ይጠይቃል፣ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ልጁ መምህሩ በክፍል ፊት እንደ ሳቀበት ቢናገር «ያሳፍራል፣ እኔም ብሆን አፍር ነበር» ማለት ትምህርት ቤቱን ለመተው ፈቃድ መስጠት አይደለም። ስሜቱ ተቀባይነት አግኝቶ ድርጊቱ ወሰን ሊኖረው ይችላል፤ ቦርሳውን ያነሣል፣ ነገም ይሄዳል፣ ከመምህሩ ጋር ምን እንደሚደረግ ግን አብረው ያስባሉ።

«ምን ተሰማህ?» የሚለው ቀጥተኛ ጥያቄ በአማርኛ ቤት ብዙም አይሠራም፤ ምርመራ ይመስላል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጠየቅ ይልቅ ጎን ለጎን ሆኖ፣ ሽንኩርት እየላጡ፣ ልብስ እያጣጠፉ፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ሲመለሱ የሚመጣው ወሬ ይቀላል። ዓይን ለዓይን መተያየት በማይበረታታበት ባህል ይህ ራሱ አክብሮትን ይጠብቃል። ስለ ሌላ ሰው ማውራትም ይረዳል፤ ልጅቷ «አንዲት ጓደኛዬ አለች» ብላ ስትጀምር ጓደኛዋ ማን እንደ ሆነች ለማወቅ መቸኮል አይገባም።

ልጆች ወላጆቻቸውን ማመን የሚተዉበት አንዱ ምክንያት በጣም ተራ ነገር ነው። ልጁ ማታ የነገረው በነጋታው ቡና ላይ እንደ ጨዋታ ይቀርባል፤ «ይሄ እኮ አንዲት ልጅ ወደድኩ አለኝ!» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ወይም እናት ለእኅቷ በስልክ ትነግራለች፣ አክስት በሚቀጥለው እሑድ ትመክረዋለች። አዋቂዎች ክፋት የላቸውም፤ የልጅ ምስጢር እንደ ምስጢር ስለማይቆጠር ነው። ምንም ሥልጠና ሳይወስዱ ዛሬውኑ ሊለወጥ የሚችለው ነገር ይኸው ነው።

አዋቂው የራሱን ስሜት በልክ መሰየሙም ከጥያቄ ይልቅ ያስተምራል። ከሥራ ተናድዶ የገባ አባት «ዛሬ መሥሪያ ቤት ተበሳጭቼ ነው፤ ከእናንተ ጋር አይደለም፤ ትንሽ ልረፍ» ቢል ልጆቹ የቁጣን ስም፣ ምክንያቱንና ማብረጃውን በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። በተለይ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባሉ ላደጉ ወንዶች ልጆች ይህን ከእናት ይልቅ ከአባት መስማታቸው ይመረጣል።

ንግግር የማይበጅበት ጊዜ

የአደባባዩ ምክር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ይህን ነው። ከአደጋ ወይም ከጦርነት በኋላ ሰውን ወዲያው አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ማስተረክ ይጠቅማል ተብሎ ይታመን ነበር፤ በኋላ የተሰበሰቡት ጥናቶች የአንድ ጊዜ ማስተረክ በኋላ የሚመጣውን የሥነ ልቦና ጉዳት እንደማይከላከል አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው «የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ» የተባለውን ነው፤ ደኅንነትን ማረጋገጥ፣ ውኃና መጠለያ ማድረስ፣ ከዘመድ ማገናኘት፣ መናገር ለፈለገ መስማት፣ ያልፈለገን አለማስገደድ። ለቅሶ ደራሽ ከሐዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጡ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ደጋግሞ ማውራትም ሊጎዳ ይችላል። አማንዳ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2002 «አብሮ ማውጠንጠን» ብላ የገለጸችው ጓደኛሞች አንዱን ችግር ያለ መፍትሔ ደጋግመው ሲያነሡ ነው፤ ጓደኝነቱ ይጠነክራል፣ ጭንቀቱና ድባቴውም አብሮ ይጨምራል። በቤት ውስጥ የዚህ ክፉ መልኩ ወላጅ ልጁን የብሶቱ ማራገፊያ ሲያደርገው ነው። ስለ ባሏ ክዳት ወይም ስለ ቤት ኪራዩ ዕዳ ለ12 ዓመት ሴት ልጇ በየማታው የምታወራ እናት ግልጽ ሆናለች ሊባል ይችላል፤ ልጅቷ ግን ልትፈታው የማትችለውን ተሸከመች።

ድብደባ ባለበት ቤት ደግሞ ልጅን ወይም ሚስትን «በግልጽ ተናገሪ» ማለት ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት ነው። ልጅ እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከተወ፣ ስለ መሞት ካወራ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ ነገሩ ከቤተሰብ ወሬ አቅም በላይ ነው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ቢሆንም፣ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማድረስ የታሰበው የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉና ከዚያ መጀመር ይቻላል። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

ምን ይጠበቃል?

መስማት የጀመረ ወላጅ መጀመሪያ የሚሰማው ፍቅር አይደለም፤ ክስ ነው። ልጆች ልባቸውን ሲከፍቱ ከፊት ያለው በወላጆቹ ላይ ያለው ቅሬታ ነው፤ ከሁሉ በፊትም ዱላ ይነሣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ ሲያደርግ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ወላጅ በአግባቡ መቅጣቱን በወንጀል አያስጠይቅም። ሕጉ ለወላጁ ይህን ቢተውለትም፣ ስለ ስሜቱ በመናገሩ የተመታ ልጅ ሁለተኛ እንደማይናገር ግን ግልጽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ የሚጨቃጨቅ ሊመስል ይችላል፤ ብዙዎች ወደ ቀድሞው የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው።

በዕድሜ ከገፉ ወላጆች ብዙ መጠበቅ የሚያስቆጭ ይመስለኛል። የ70 ዓመት አባቱን «ለምን እወድሃለሁ አላልከኝም?» ብሎ የሚጠይቅ ጎልማሳ የሚያገኘው መሸማቀቅ ነው። ስለ ዘመኑ ቢጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ በ1966 የት ነበርክ፣ በ1977ቱ ድርቅ ማንን አጣችሁ፣ እናቴን ያገባሃት ሰሞን ኑሮው እንዴት ነበር? እንዲህ ያለው ጥያቄ አባትን አያሸማቅቅም፣ ስሜቱም በትረካው ውስጥ ይመጣል፤ ጠያቂውም ሳይቸኩል፣ ያላለቀውን ለሚቀጥለው እሑድ ሊያሳድረው ይችላል።